የአባባን የሕይወት ታሪክ በሐዘን ሌሊት አልጻፍነውም

ብዙዎቻችን የአያቶቻችንን የሕይወት ታሪክ የምንጽፈው በአንድ ሌሊት ነው። ሰውየው ማታ ያርፋሉ። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ከቤተሰቡ "እሱ ጽሑፍ ይችላል" የተባለ ልጅ እስክሪብቶ ይዞ ጥግ ይቀመጣል። አክስት እያለቀሰች የትውልድ ዘመናቸውን ትነግረዋለች። አጎት ደግሞ ሌላ ዘመን ይነግረዋል። ሲነጋ ሁለት ገጽ ወጥቷል። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቄስ ትምህርት ቤት ገቡ። ዘማች ከነበሩ አንድ መስመር ትጨመራለች፦ "በኮሪያ ዘመቻ ተሰልፈው ታላቅ ጀብዱ ፈጽመዋል።" ቤተ ክርስቲያን ይነበባል፣ ሰው ያለቅሳል። ከዚያ ያቺ ወረቀት ቀሪው ታሪካቸው ትሆናለች፣ ከነስህተቷ።

የእኛ አያት፣ አባባ የምንላቸው፣ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ኮሪያ የዘመቱት ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ነው፤ ቃኘው ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከቻቸው ሻለቆች መጠሪያ ነው። ያረፉት ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። በቀብራቸው ቀን የተነበበውን ግን እሳቸው ራሳቸው አርመውታል። እንዴት እንደጻፍነው የምተርከው ቤታችሁ ውስጥ ሽማግሌ ዘማች ላላችሁ ነው። ኦጋዴን የዘመቱ፣ ሰሜን ግንባር የቆዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሥራው ያው ነው። እኔ የማውቀው የኮሪያውን ስለሆነ በእሱ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ስለ አጠያየቅ። "አባባ፣ ጦርነቱ እንዴት ነበር?" ብለን ስንጠይቃቸው የሚመልሱልን አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ጦርነት ነው። ምን እንዴት አለው?" አበቃ። ልጅ ሆነን እንዲሁ ነበር የሚመልሱልን፣ ካደግንም በኋላ እንዲሁ። ያ ጥያቄ በጣም ሰፊ ነው። ሰው ስለ ሰፊ ነገር ሲጠየቅ ወይ ዝም ይላል ወይ ከሬዲዮ የሰማውን ይደግማል።

ወሬያቸው የተከፈተው የአክስቴ ልጅ ስለ ጠመንጃው ስትጠይቃቸው ነው። "ኤም ዋን" አሉ። ከዚያ እጃቸው ራሱ ማውራት ጀመረ። ስምንት ጥይት እንዴት አንድ ላይ እንደሚጎርስ አሳዩን። ስምንተኛው ሲተኮስ የጥይት ማቀፊያዋ በድምፅ ተፈናጥራ ትወጣለች። አውራ ጣት ካልተጠነቀቁ በመዝጊያው ይቀጠቀጣል። የእሳቸውም ተቀጥቅጦ ነበር፣ ጠባሳውን አሳዩን። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ጣት ነው፣ ስለዚያ ጠባሳ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ትንንሽ ነገር ብቻ ነበር የምንጠይቀው። ጫማው ምን ዓይነት ነበር? ሲታመሙ ማን አስታመማቸው? ደብዳቤ ማን ይጽፍላቸው ነበር? መርከብ ላይ የት ተኙ? አባባ ከጅቡቲ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም። እስከ ጅቡቲ በምድር ባቡር፣ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ነው የሄዱት። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ የኮሪያ ወደብ ቡሳን ለመድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል። የአባባም ጉዞ ተመሳሳይ ነበር። ስለ ጉዞው የነገሩን ነገር ቢኖር ይቺ ነች፦ "ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። ዛፍ ናፈቀኝ።" ይህቺን እንዳለች ጻፍናት። "ረጅም የባሕር ጉዞ አድርገው" የሚለውን የማንም ሰው ታሪክ ላይ መጻፍ ይቻላል። ዛፍ የናፈቃቸው ግን አባባ ናቸው።

ስለ መቅጃ ስልክም ልንገራችሁ። ፊታቸው ሲቀመጥ አባባ ይለወጡ ነበር። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ድምፃቸውን ያወፍራሉ፣ "ግርማዊ ጃንሆይ ባዘዙን መሠረት" ብለው ይጀምራሉ። የሬዲዮ ዜና ይመስል ነበር። ስለዚህ አስፈቅደናቸው ስልኩን ቡና ረከቦቱ ጎን እንተወው ጀመር። ሁለተኛው ስኒ ላይ ይረሱታል። እውነተኛው ወሬ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከሁሉም የተሻለው ቀረጻ ግን እኛ አንድም ጥያቄ ያልጠየቅንበት ነው። አንድ የድሮ ጓደኛቸው፣ እሳቸውም ዘማች፣ ሊጠይቋቸው መጡ። አንዱ ሌላውን "አሥር አለቃ" እያሉ ነው የሚጠራሩት፣ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ ነጥቶ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርማል። "ዝናብ ነበር።" "ኧረ ጭጋግ ነው!" አንዱ የረሳውን ስም ሌላው ያነሳል። እየተሳሳቁ ቆይተው ድንገት ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታውንም ስልኩ ቀድቶታል። የአያታችሁ ጓደኛ በሕይወት ካሉ መኪና ተኮናትራችሁም ቢሆን አምጧቸው። እናንተ ቡና ቅዱና አፋችሁን ዝጉ።

ያን ቀን ነው ስለ መቁጠር የሰማነው። ስለ ቃኘው ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ አንድም ምርኮኛ ለጠላት አልሰጡም፣ ሬሳም ጥለው አልመጡም ይባላል። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ወደዚያ ሄደዋል። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ምርኮኛ የለም። እኛ ይህን ስንሰማ ያደግነው እንደ ፉከራ ነው። ሁለቱ ሽማግሎች ግን እንደ ፉከራ አላወሩትም። ሌሊት ለቅኝት የወጣ ጓድ ሲመለስ በጨለማ ትከሻ እየተነካ ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልሞላ ማንም ጫማውን አያወልቅም። ተመልሶ ይወጣል። "ጀግንነት ምናምን ትላላችሁ" አሉ አባባ። "እኛ ቆጠራ ነበር ሥራችን።"

እኔና የአጎቶቼ ልጆች ተያየን። አባባ እኛን ይቆጥሩን ነበር። ጥምቀት ጃንሜዳ ይዘውን ሲሄዱ ስንወጣ ይቆጥራሉ፣ ታቦት ሲያልፍ ይቆጥራሉ፣ ስንመለስ በር ላይ ቆመው ትከሻ ትከሻችንን እየነኩ ይቆጥራሉ። ጠባያቸው ነው ብለን ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ላይ ስለ ምርኮኛ የጻፍነው በዚህ በኩል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ፤ እነሱንም ቆጥረዋቸው ነበርና።

አሁን ወደ አሰልቺው ግን ዋናው ነገር፣ ወደ ቀን። የእኛ ቤት ፎቶዎች ላይ "1953" የሚል ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ አባባ ቶኪዮ ለእረፍት ሄደው ፎቶ ቤት የተነሱት ነው። ሌላው አዲስ አበባ፣ ባንዲራ ሥር ቆመው። ቤተሰቡ ሁለቱንም "የኮሪያ ጊዜ" ይላቸው ነበር። ግን ቶኪዮ ያለው ፎቶ ቤት ማኅተም ያደረገው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያ ማለት በእኛ 1945 ወይም 1946 ነው። አዲስ አበባ የተነሱት ጀርባ ላይ የጻፉት ግን አባባ ራሳቸው ናቸው፣ በእኛ አቆጣጠር። የእኛ 1953 ደግሞ የታኅሣሡ ግርግር ነው፤ ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ የከሸፈበት ዓመት። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ፣ አንድ ጦርነትና አንድ እስር ቤትም አለ። በአንድ አልበም ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈው ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም ቀን ሲያጋጥማችሁ ማን እንደጻፈው መጀመሪያ እዩ። የውጭ ሰው የጻፈው ወረቀት፣ ማኅተም፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀት የፈረንጅ ነው። አያታችሁ በእጃቸው የጻፉት የእኛ ነው። በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈማ ጥርጥር የለውም። ሰዓትም እንደዚሁ። አባባ "ተኩስ የቆመው አራት ሰዓት ላይ ነው" ይሉ ነበር። አንዱ ዘመዳችን ኢንተርኔት ላይ አንብቦ "አስር ሰዓት ነው" ብሎ ተከራከራቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ፓንሙንጆም ላይ ጠዋት 4 ሰዓት ተፈረመ፣ ተኩሱ የቆመው ማታ 4 ሰዓት ነው። በፈረንጅ ሰዓት አስር።

የትኛው ሻለቃ እንደነበሩ ካላወቃችሁም ቀኑ ይነግራችኋል። በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ቃኘው ተቀያይሯል። የመጀመሪያው በኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ አዛዥነት በ1943 ሄደ። ሁለተኛውን ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። ሦስተኛው የደረሰው ሚያዝያ 1945 ነው። አያታችሁ "ስድስት መቶ ሁለት" ካሉ ስለ ገንዘብ አይደለም የሚያወሩት። ኮረብታ ነው። ኮረብታዎቹ የሚጠሩት በሜትር ከፍታቸው ነበር፣ 602 ላይ የተዋጋው ደግሞ የመጀመሪያው ቃኘው ነው። "ዮክ" እና "አንክል" ካሉ የግንቦት 1945ቱን የምሽግ ውጊያ እያሉ ነው፤ ያ የሦስተኛው ነው።

እዚህ ላይ እኛ ቤት ጠብ ተነሳ። አባባ ግራ እግራቸው ላይ ሁለት ጣት የላቸውም። በቤተሰባችን ታሪክ ጣቶቹን የበላቸው በረዶ ነው፣ ምሽግ ውስጥ፣ በውጊያ መሃል። አጎቴ ይህን ለስንት ሰው ተርኮታል። ግን ቀኑን ስንቆጥር አልገጥም አለ። ሚያዝያ ላይ ደርሰው ሐምሌ ላይ ተኩስ ከቆመ፣ በረዶው መቼ ጣለ? አባባን ጠየቅናቸው። "በታኅሣሥ ነዋ" አሉ። "ተኩስ ቆሞ፣ ዘብ ቆሜ።" እሳቸው በውጊያ ነው ብለው አያውቁም ነበር። እኛ ነን ያያያዝነው።

አጎቴ ተቆጣ። "አባቴን ልታሳንሱት ነው?" አለ። ለእኔ ግን አላነሱብኝም። እንደውም የበለጠ ገባኝ። ጦርነቱ አልቆ፣ ማንም ሳይተኩስ፣ ያለቀ ጦርነት ድንበር ላይ በሌሊት ቆሞ ጣት መገበር። ያ የወታደር ሥራ አብዛኛው ክፍል ነው። ማንም ግን አይፎክርበትም። እውነተኛውን ጻፍን፣ አባባም ሲነበብላቸው "እንደሱ ነው" አሉ።

ከኮሪያ በኋላ ያለው ዘመን ከኮሪያው ይበልጥ ከባድ ሆኖ ነበር ያገኘነው። ሲዘምቱ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በታኅሣሡ ግርግር ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት ሹማምንት አንዱ ናቸው። የገደሏቸው የራሳቸው የቀድሞ ጦር አድማ መሪዎች ናቸው። አባባ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየር ነበር። እሳቸው የታሰሩት ትእዛዝ ተቀብለው በመሰለፋቸው ነው፣ ማን በማን ላይ እንደተነሳ እንኳ በቅጡ ሳያውቁ። ተፈትተው ሲወጡ የወታደርነት ኑሯቸው አበቃ።

ከዚያ ደርግ መጣ። የደርግ ወዳጅ ደግሞ ሰሜን ኮሪያ ነበር። ጃንሆይ የሸለሙትን፣ አሜሪካን የሚያስታውስ ሜዳሊያ ደረት ላይ አድርጎ መውጣት የማይታሰብ ሆነ። አባባ ሜዳሊያዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርገው ሣጥን ሥር ከተቷቸው። በ1977 ትግላችን ሐውልት ሲቆም ሠሪዎቹ ሰሜን ኮሪያውያን ነበሩ። አባባ በጥቁር አንበሳ በኩል ባለፉ ቁጥር ቀና ብለው ያዩትና "እኔ እኮ ተኩሼባቸዋለሁ፣ እነሱ ሐውልት ይሠሩልኛል" ይላሉ። ይስቃሉ። የእኛ ቤት ልጆች ቀልድ የተማርነው ከዚህች ነው።

እናንተም ይህን ክፍል አትዝለሉት። አብዛኛው የሕይወት ታሪክ "ከዘመቻ ሲመለሱ" ብሎ በቀጥታ "በጡረታ ሲገለሉ" ይላል። መሃሉ ላይ የተዘለለው ሠላሳ ዓመት ነው ሰውየው አባት የሆኑበት። ሊያወሩበት የማይፈልጉት ካለ አታስገድዷቸው። ዝም ያሉበትን ዓመት ግን ማስታወሻችሁ ላይ ክፍት ቦታ ትታችሁ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። አንድ ቀን ሌላ ሰው ይሞላው ይሆናል።

ስለ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነገር አጠር አድርጌ ልናገር። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ባለው ጥብጣብ የተንጠለጠለው ነው። ለየአገሩ ጦር በየቋንቋው ነው የተቀረጸው፣ የእኛዎቹ ጀርባ ላይ አማርኛ ነው ያለው። ሚስታቸው እማማ "ላጽዳው" ብለው ሎሚ ሊያሹት ሲሉ ነው የደረስኩት። አታሹት። ዝገት የመሰላችሁ ጥቁረት አይጎዳውም፣ ሎሚው ግን ጽሑፉን ይበላል። ጥብጣቡንም በሳሙና አትጠቡት። ፎቶ ስታነሱ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ፎቶግራፎቹ ላይ መጻፍ ካለባችሁ ከጀርባ፣ በእርሳስ፣ ዳር ላይ። የጡረታ ደብተሩን፣ የማኅበር መታወቂያውን፣ የእስር ቤት ወረቀት ካለም እሱንም አንሱ።

ሜዳሊያው ማን ጋ እንደሚቀመጥ ደግሞ አያት በሕይወት ሳሉ ይወሰን። እኛ ቤት አባባ ራሳቸው ለበኩር ሴት ልጃቸው ሰጡ። ወንዶቹ ትንሽ ከፋቸው። "አንቺ አትሸጪውም" ብቻ ነው ያሏት። ይህ ባይሆን ኖሮ ከአርባቸው በፊት ስንጨቃጨቅ ይታየኛል።

ዘማቹን በሕይወት ያላገኛችሁት፣ ማለትም አያታችሁ እዚያው የወደቁ ከሆነ፣ የምትሄዱበት ቦታ አለ። የቃኘው ሙታን አጽም ኮሪያ አልቀረም። ወደ አገር ተመልሷል፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፉት። ስማቸው ደግሞ ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መቃብር የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከሌሎቹ አገሮች ሙታን ጋር ተቀርጿል። አፍንጮ በርም መታሰቢያ ሐውልት አላቸው፤ በዓል ሲኖር በሕይወት ያሉ ዘማቾች እዚያ ይገናኛሉ፣ አያታችሁን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ የሚገኘው እዚያ ነው። ብዙ ቀን ግን አልቀረም። በሕይወት ካሉት አብዛኞቹ ዘጠናን አልፈዋል።

እማማን በመጨረሻ ነው የጠየቅናቸው። ከኮሪያ ከተመለሱ በኋላ ነው የተጋቡት፣ ስለዚህ "እኔ ምን አውቃለሁ" ብለው ነበር። የሚያውቁት ግን ሌሊቱን ነው። አባባ ይባንናሉ። በር አጠገብ ካልሆነ አይተኙም። መኝታ ቤት ሲቀየር እንኳ አልጋው በር በኩል ይሆናል። አንዳንዴ ሌሊት ተነስተው ልጆቹን በእጃቸው ይዳስሳሉ። እማማ ይህን በለሆሳስ ነው የነገሩን፣ ባላቸውን እያጋለጡ እንደሆነ እየተሰማቸው። አባቴ ደግሞ የራሱን ጨመረ። አባባ በወጣትነታቸው ይጠጡ ነበር፣ ቀበቷቸውም ከባድ ነበር። እኔ የማውቃቸው አያት ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቆሎ የሚያካፍል ሰው ነው። አባቴ ያደገው በሌላ ሰው ቤት ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

ይህን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አቁመን እናንብብ? አይሆንም። ሁለት ጽሑፍ አዘጋጀን። አጭሩ ለቀብር ነው፤ ሁለት ገጽ፣ ትልልቅ ፊደል፣ የሚያነበው ሰው እንባው ቢመጣ እንኳ መስመር እንዳይጠፋበት። ስም፣ ቀን፣ ሻለቃ፣ ዛፍ፣ ቆጠራ፣ የእግር ጣት፣ ሐውልቱ፣ ልጆቻቸው። አባባ ራሳቸው ሰምተው አንድ ቃል ብቻ አስወጥተዋል፣ "ጀግናው" የሚለውን። ረጅሙ ለቤተሰብ ነው። ቀበቶውም፣ ሌሊቱም፣ እስሩም እዚያ ውስጥ ነው። ቀረጻዎቹንም በሦስት ፍላሽ ገልብጠን ሦስት ቤት አስቀመጥን፤ ስልክ ላይ ያለ ነገር ስልኩ የተሰረቀ ቀን ይጠፋል።

ረጅሙን ስናሳትም ዳሩን በጣም ሰፊ አድርገን ነው የተውነው። ያነበበ ዘመድ ሁሉ በእስክሪብቶ እንዲጨምርበት። አክስቴ የአንድ የሞተ ጓደኛቸውን ስም ጨምራለች፣ እኛ ከየትም ያላገኘነውን። አንዷ የሩቅ ዘመድ የትውልድ ቀበሌያቸውን አርማለች። አጎቴ የእግር ጣቶቹን ነገር አሁንም አልተቀበለም፤ በገጹ ዳር "በውጊያ ነው" ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። ስናባዛው ከነፊርማው ነው የምናባዛው።